አጥሩ ሥር የበቀለው በቆሎ

ሐምሌ 2 ቀን

ይድረስ ለማከብርሽ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬያቸው ደግሞ ከእሳቸውም በላይ ደህና ነው። እናቴ ግንባርሽን ስሜያለሁ በይልኝ ብላለች። ከዚህ በላይ ሰላምታ መጨመር አልችልም፤ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው «ወረቀቱን በእንደምን አለሽ አትጨርሺው» እያሉኝ ነው።

ለምን አልደወላችሁም እንዳትዪን። እኔ ልደውል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ነው። ነገ አላልኩም ትላለች። በጽሑፍ ይሁን፤ ቀንም ይኑረው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ እንደኖሩ ታውቂያለሽ። እሳቸው ከሥራው በጡረታ ወጡ እንጂ ሥራው ከእሳቸው አልወጣም። ትናንት ከሱቅ ስመለስ እጃቸውን የዘረጉት ለዳቦው መስሎኝ ነበር፤ ለደረሰኙ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ባለፈው መጥተሽ ልትመለሺ በነበረበት ማለዳ፣ ከቤቱ ጀርባ ካለችው ማሳችን ጥግ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቆመሽ ከሥራ ጃኬትሽ ኪስ የሆነ ነገር እያወጣሽ ስትበትኚ አባባ በመስኮት አይተውሻል። ያን ቀን ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ደመና እየቋጠሩ ነው ማለት ነው። ይኸው አሁን እዚያው ቦታ ላይ በቆሎ በቅሏል፤ ከመስመር ውጭ፣ እርስ በርሱ ተፋፍጎ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት አውቶቡስ በር ላይ የሚጋፋ ሕዝብ መስሎ። አባባ ጠዋት ማታ እየሄዱ ያፈጡበታል። «ትኬት ሳይቆርጥ የገባ ተሳፋሪ» ይሉታል።

እንደ እሳቸው አባባል ከላቦራቶሪሽ ያመጣሽውን፣ ባዕድ ነገር የገባበትን ዘር ነው የዘራሽብን። ነገሩ ቀላል እንዳይመስልሽ። ይህ በቆሎ ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ አንዱ ፍሬ ቀይ፣ አንዱ ነጭ የሆነው። በሰፈሩ ከእኛ ሌላ የቀረለት ሰው የለም። መጠባበቂያ ያስቀመጡትን ደግሞ ነቀዝ ጨርሶታል። የነበረውን ሁሉ ዘንድሮ ዘርተነዋል፤ የተረፈ ቢኖር ላቦራቶሪ ወስደሽ አሻሽይው ብለው ላንቺ የሰጡሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ ያለው ባዕድ ከሆነ፣ አብቦ ከሌላው ጋር ከመዳቀሉ በፊት ማወቅ ይፈልጋሉ።

ጥያቄዎቻቸው፦ ምን በተንሽ? እናንተስ አንድ ተክል ያ ባዕድ ነገር ይኑርበት አይኑርበት በምን ታውቃላችሁ?

መልስሽን በጉጉት እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ደግሞ በጥርጣሬ።

ምላጭ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ የእህትሽ ልጅ


ሐምሌ 10 ቀን

ለምወድሽ ለምላጬ፣

ጤና፣ ዕድገትና ትንሽ ጭምትነት እመኝልሻለሁ፤ የመጨረሻው እንደማይደርስሽ ባውቅም። እናትሽን ሳሚልኝ። እኔንና እናትሽን እንደ አባት ላሳደጉን ለአጎቴም እጅ ነስቼ ሰላም እላለሁ በይልኝ።

ስለ ሥራችን መጠየቃችሁ ደስ ብሎኛል፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ዘመድ የለም። እኔ ያለሁበት ክፍል ሙሉ ነጭ ነው፤ ጠረጴዛው፣ ግድግዳው፣ ካፖርታችን። መደርደሪያዎቹ ላይ ክዳን ያላቸው ትንንሽ የብርጭቆ ሳህኖች ተደርድረዋል። በየሳህኑ ከአንድ ተክል የተወሰዱ ሕዋሳት አሉ። እነዚያ ውስጥ ነው ድርቅን የሚያስችል ዘረመል ልናስገባ የምንሞክረው። ችግሩ፣ ከብዙ ሺህ ሕዋሳት መሃል የሚቀበሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የተቀበለውና ያልተቀበለው በዓይን ቢታዩ ያው ናቸው።

ስለዚህ አንድ ብልሃት አለን። ከምንፈልገው ዘረመል ጋር ሌላ አጣብቀን እንልካለን፤ የአረም ማጥፊያ መድኃኒትን መቋቋም የሚያስችል። ከዚያ ሕዋሳቱ የሚመገቡት ነገር ላይ ያንኑ አረም ማጥፊያ እንጨምርበታለን። ያልተቀበሉት ይጠቁሩና ይሞታሉ። አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የተቀበለው ነው። ያ ሁለተኛው ዘረመል ለእኛ ምልክት ነው እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። መድኃኒቱ ያው ገበያ ላይ የሚሸጠው ነው፤ ለትምህርትሽ ቢጠቅምሽ ስሙን ጠርዙ ላይ ጽፌልሻለሁ።

እዚህ ሙቀቱ በርትቷል፤ መስኮት ከፍተን ነው የምናድረው። አጎቴ የሰጡኝ ዘር በጣም ጥሩ ቦታ ነው ያለው፤ ሐሳብ እንዳይገባቸው ንገሪያቸው።

ሁሌም የማስብሽ አክስትሽ


ሐምሌ 27 ቀን

ይድረስ ለተከበርሽው፣ ለጠቢቧ፣ ለነጭ ለባሿ አክስቴ፣

ሰላምሽ እንደ ደብዳቤሽ አይዘግይ። እኛ ደህና ነን። በቆሎው ግን ደህና አይደለም፤ ይህን አንብበሽ ጭንቅላትሽን እንደምትይዥ ስለማውቅ መጀመሪያ ወንበር ሳቢ።

ደብዳቤሽን እንደተለመደው ለሁሉም ጮክ ብዬ አነበብኩት። እንግዳ የተቀበለ ቤት ይድናል፣ ያልተቀበለ ይቃጠላል፤ እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። አባባ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና የመድኃኒቱ ስም ያለበትን ጠርዝ በጥንቃቄ ቀደው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። ከሰዓት በኋላ የእርሻ መድኃኒት ሻጩ ጋ ሄደው ገዙ። በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ተዋሱ።

አረጫጨታቸውን ብታዪ። የዝናብ ካፖርት፣ የእናቴ የፀሐይ መነጽር፣ አፍንጫቸው ላይ መሐረብ። ጥጉ ላይ ያለውን በቆሎ የፈሩት የሚናከስ ውሻ እንደሚፈራ ነው። ከሩቅ ቆመው አንዴ ፊጭ አደረጉና ወደ ቤት ሮጡ። በዚህ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ቀናት ቆይቶ የዳር ዳሩ ቅጠል ጥቂት ቢጫ ሆነ እንጂ በቆሎው ቆሟል፤ ወይ ፍንክች። «ተያዘች» አሉ አባባ። «ማን፣ በቆሎዋ?» አልኳቸው። «ሁለቱም» አሉ።

ግን ፍርድ አያዛቡም። ማወዳደሪያ ያስፈልጋል ብለው የራሳቸውን በቆሎ የመጀመሪያ መስመር ረጩ። እዚህ ላይ መሐረብም የለ፣ ፍርሃትም የለ፤ የገዛ ልጃቸው ነዋ። ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ከራስ እስከ እግር፣ ሕፃን እንደሚታጠብ አድርገው አጠቡት። በሳምንቱ መስመሩ በሙሉ ገለባ ሆነ። አባባ እጃቸውን እያፋተጉ መጡ። «ይኸው ሞተ። ንጹሕ ነበር ማለት ነው። አላልኩሽም?»

ይህን ብለው ሊሄዱ ሲሉ ዓይናቸው ሁለተኛው መስመር ላይ አረፈ። «ይሄኛውስ?» አሉ።

አክስቴ፣ ከገንፎ ውስጥም ስንጥር አይጠፋም ይባላል፤ አባባ ግን ስንጥሩን ፍለጋ ገንፎውን እየደፉት ነው። ቶሎ ጻፊ።

ደግሞም ምን እንደበተንሽ አልመለስሽልንም። ስለ ሙቀቱ ጻፍሽ፣ ስለ መስኮቱ ጻፍሽ፣ የተጠየቅሽውን ዘለልሽው። እኔም የተቆጣጣሪ የልጅ ልጅ ነኝ፤ አይቻለሁ።

ምላጭሽ


ነሐሴ 6 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላምታው ከዚህ በፊት በላክሁት ውስጥ አለ፤ ደግመሽ ተጠቀሚበት።

ሁለተኛው መስመር ንጹሕ ነበር። ሦስተኛውም ንጹሕ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

እናቴ ትናንት አላስችል ብሏት ወጣችና «አባባ፣ ይህ ምርመራ ነው ወይስ ቀብር?» አለቻቸው። «ያልተመረመረ ንጹሕ የለም» አሏት። «ሲመረመር የሚሞት ከሆነስ?» «ሞቱ ነዋ ማስረጃው።» እናቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ልብስ ሰፊው በአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ «መርጫዬን መቼ ትመልሳላችሁ?» አለ። አባባ ለእሱም ነገሩን አስረዱት። ጥጉ ላይ ያለው መርዝ የማይበግረው በቆሎ መሆኑን፣ ከውጭ አገር ላቦራቶሪ መምጣቱን፣ ልጆቹን እንዳያስጠጋ። ከልብስ ሰፊው ጆሮ የገባ ነገር ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ሰፈሩን ያዳርሳል።

የቀረው ከቤቱ ግድግዳ ጋ ያለው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። አባባ ዛሬ ጠዋት አጠገቡ ቆመው ሲያዩት ነበር። አስተያየታቸው አላማረኝም።

ምላጭሽ


ነሐሴ 11 ቀን

ለምላጬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ሰላምታዬን ባጭሩ ተቀበይኝ።

ትናንት ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሱት አጎቴ ናቸው። ድምፄን ሲሰሙ «በጽሑፍ» ብለው ዘጉት።

መርጫውን አሁኑኑ ይመልሱ። ከዚያ ይህን በደንብ አንብቢላቸው። ከመድኃኒት የተረፈ ሁሉ ምልክቱ አለው ማለት አይደለም። እኛም ሳህን ላይ በየጊዜው ይገጥመናል። አንዳንዱ ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ጀርባ ተከልሎ መርዙ ሳይደርሰው ይቀራል። ዘረመሉን ሳይቀበል አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። «ያመለጡ» እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ፈተና የተረፈውን ብቻ አምኖ ሥራውን የሚቀጥል ባለሙያ የለም፤ ሁሌም እንደገና ይፈተናል። አጎቴ የፈሩትን ከሩቅ አንዴ ረጭተው ሮጡ፤ የሚያምኑትን ጎንበስ ብለው አጠቡት። ይህን ራስሽ ነሽ የጻፍሽልኝ። ታዲያ የትኛው ቢተርፍ ነው የሚገርመው?

ሁለተኛው ፈተና ተክሉን አይገድልም። መድኃኒቱ የነካውን ቦታ ብቻ ነው የሚያቃጥለው። ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ቅጠል ምረጡና መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩበት። ከመስመሩ በላይ ያለውን ጫፍ ብቻ በትንሽ ብሩሽ መድኃኒቱን ቀቡት። ከሳምንት በታች ነው የሚፈጀው። ጫፉ ከደረቀ ምልክቱ የለበትም፤ አረንጓዴ እንደሆነ ከቆየ አለበት። እስከዚያ ከአጥሩ ሥር ያለውን ማንም እንዳይነቅል።

ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አታንብቢው። ከቅጠሎቹ አንዱ እንኳ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ፣ ለማንም ሳትናገሪ መጀመሪያ ለእኔ ጻፊልኝ። ከዚያ ተክል ማንም እንዳይበላ፣ ማንም ዘር እንዳይወስድ። ለምን እንደሆነ ያኔ እነግርሻለሁ።

አክስትሽ


ነሐሴ 28 ቀን

ይድረስ ለምስጢረኛዋ አክስቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ሰላሙ የሚገባሽ መሆንሽን ስታረጋግጪ ደግሞ እጨምርልሻለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰው አባባ ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጋዝና ክብሪት አዘጋጅተው፣ ወንጀለኛውን ነቅለው ሊያቃጥሉ ሲሉ ነው። የመጨረሻው መስመር ከዚያ በፊት ሞቷል፤ በሙሉ ንጽሕና። በማሳው ላይ የቀረ አረንጓዴ ነገር ያ ተጠርጣሪው ብቻ ነበር። ፖስታውን እያውለበለብኩ ሮጥኩ።

አነበብኩላቸው። ያን የታችኛውን ስደርስበት ዘልዬ «ለጎረቤቶቻችሁም ሰላም በሉልኝ፣ አክስትሽ» ብዬ አጠፍኩት። አባባ ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ወረቀቱ ረጅም፣ ንባቡ አጭር» አሉ። የእጅ ጽሕፈትሽ ትልልቅ ነው አልኳቸው። ልብስ ሰፊውም ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ካንቺ ጋር ነበርኩ፤ እወቂው። በሳቸው እስቅ የነበረው አንቺን አምኜ ነው። ምንም ያልበተነ ሰው ግን «አረንጓዴ ከቀረ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ» አይልም። አባባ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ሲዘጉብሽ ለምን እናቴ ሥራ ቦታ አልደወልሽም? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ፈተናውን ግን አደረግነው። አባባን ያሳመንኳቸው «ጥሩ ተቆጣጣሪ አንድን ተሳፋሪ ሁለቴ አይጠይቅም?» ብዬ ነው። ብሩሹ ከእናቴ ያለቀ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ላይ የመጣ ነው። መስመሩን እኔ አሰመርኩ፤ አባባ መነጽራቸውን አድርገው ቀቡ። በዚህ ጊዜ አልሮጡም። ከቅጠል ቅጠል እየተሻገሩ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ሲቀቡ እጃቸው ጥፍር ቀለም እንደሚቀባ ሰው የተጠነቀቀ ነበር፤ ይህን ስነግራቸው ብሩሹን ሊወረውሩብኝ ነበር።

ከዚያ ጥበቃ። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ቢቀር እሳቸው እውነተኛ ይሆናሉ፤ ቢደርቅ በቆሎ ይኖራቸዋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይችሉም። የትኛውን እንደሚመኙ እሳቸውም ያወቁት አልመሰለኝም። በየማለዳው ከእኔ ቀድመው እዚያ ነበሩ።

ጫፎቹ መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ። ከዚያ ደርቀው እንደ ወረቀት ተኮማተሩ፤ እስክሪብቶው መስመር ድረስ፣ አንዲት ነጥብ ሳይሻገሩ። ከመስመሩ በታች አረንጓዴ ናቸው። ሁሉም። አንድም አልቀረ።

«ንጹሕ ነው» አሉ አባባ። በዚህኛው ግን እጃቸውን አላፋተጉም። ቀና ብለው ማሳውን አዩት፤ መስመር በመስመር ገለባ። ልክ ያን ሰዓት ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል፤ ያን ሁሉ የገደሉት ምንም ሳይኖርበት ነው። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ማታ ይህን አስጻፉኝ፤ ቃል በቃል ነው፦ «ልጄ፣ ከሰጠሁሽ ዘር እኩሌታውን መልሺልኝ። እኩሌታው ለሥራሽ ይሁን። ከአጥሩ ሥር ያለው የማን እንደሆነ ባላውቅም ክፉ አለመሆኑን አይቻለሁ። የእናቴ ግን አይደለም። የእናቴ አንቺ ጋ ያለው ብቻ ነው የቀረው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው የተቆጣጣሪ አልነበረም። ስለዚህ አክስቴ፣ በዚህ ጊዜ ስለ አየር ጠባዩ አትጻፊ።

ምላጭሽ


መስከረም 12 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለእህቴና ለምላጬ፣

ሰላምና ጤና ከእናንተ አይለይ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጽፌ እየቀደድኩ ነው የዘገየሁት። ምላጬ፣ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ምንም አትዝለይ።

አጎቴ፣ የምመልስልዎ ዘር የለኝም። ይዤው አልሄድኩም።

እኔ የምኖርበት አገር ያለ ፈቃድ ዘር ማስገባት ክልክል ነው። አየር ማረፊያ ላይ ቀምተው ያቃጥሉታል፤ እኔንም በሥራዬ ይጠይቁኛል። ይህን ገና ሲሰጡኝ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። እርስዎ ግን መነጽርዎን አድርገው፣ ፍሬ በፍሬ መርጠው፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ነበር የሰጡኝ። እንቢ የሚለው ቃል አፌ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ይሉኝታ ያዘኝ። ቆሻሻ ላይ መጣል ደግሞ አልሆንልሽ አለኝ። በማለዳ ተነሥቼ ለመሬቱ መለስኩት። በጥድፊያ ስለነበርኩ በእፍኝ በእፍኝ አንድ ቦታ ላይ በተንኩት፤ ለዚህ ነው ተፋፍጎ የበቀለው።

ከዚያ ዘሩ እንዴት ነው ብላችሁ ስትጠይቁኝ «ጥሩ ቦታ ነው ያለው» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ አጣሁ።

ምላጬ፣ አንቺም የጠረጠርሽው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘሩን ከጨርቁ ፈትቼ የከተትኩት የሥራ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። በዚያ ጃኬት ወደ ዕፅዋት ማሳደጊያችን እገባለሁ። እዚያ ካሉት ፍሬዎች አንዷ ኪሴ ስፌት ውስጥ ተሰንቅራ ቢሆንስ? ካንቺ የመጀመሪያ ደብዳቤ ጀምሮ የፈራሁት ይህን ነው። ለእህቴ ብደውል ምን በተንሽ ትለኛለች፤ ብመልስላት ዘሩን አለመውሰዴም የኪሴም ነገር ይወጣል። አንዲት ቅጠል አረንጓዴ ሆና ብትቀር ሥራዬ ያከትም ነበር፤ የአጎቴ እናት ዘርም ይነቀል ነበር። አጎቴ የረጩት በእኔ ዝምታ ምክንያት ነው።

ቅጠሎቹ ሁሉ ደርቀዋል ስትዪኝ ላቦራቶሪው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአጥሩ ሥር ያለው፣ አጎቴ፣ የእናትዎ ነው። እርስዎ በእጅዎ የመረጡት።

ልጅዎ


መስከረም 26 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንደምን ነሽ? እዚህ ከጎረቤት በስተቀር ሁሉም ደህና ነው።

ሳልዘል አነበብኩት። አባባ፣ እናቴ፣ ልብስ ሰፊውም በሩ ላይ። እኔ ቁጣውን ስጠብቅ አባባ ቀስ ብለው «ፊት ለፊት እንቢ ብትለኝ ምን እሆን ነበር?» አሉ።

«ይቆጡ ነበር» አለች እናቴ።

«አዎ፣ እቆጣ ነበር» አሉ። «ተቆጥቼ ግን በቆሎ ይኖረኝ ነበር።»

ተነሥተው ወጡ። በመስኮት ሳይ ጉድጓዱን በአካፋ እየደፈኑ ነበር። ከዚያ ውኃ ቀዱና ከአጥሩ ሥር ያለውን አጠጡት። በጣም ተጠግተው።

እዚህ ላይ ደብዳቤው ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን አባባ በጥርጣሬያቸው ወራት መርዝ የማይበግረው በቆሎ አለ ብለው ለሰፈሩ ማስጠንቀቃቸውን አትርሺ። ሰዉ የሰማው ማስጠንቀቂያውን አይደለም። የሰማው መርዝ የማይበግረውን ነው። አንድ በአንድ፣ በዝግታ፣ በጓሮ በኩል መምጣት ጀመሩ። «ጋሼ፣ ሲደርስ ለዘር የሚሆን እፍኝ ታህል። በማረም ወገባችን ተቆረጠ። እሱን ዘርተን ማሳውን በሙሉ በመድኃኒት ብናጥበው ተገላገልን።» ዕድሜ ልኩን ትኬት ሲጠይቅ የተሰደበ ሰው በአንድ ጊዜ የሰፈሩ ጠቢብ ሆነ። አቤት ደስ ሲላቸው። የሆነ ቀን ጢማቸውን ሲላጩ ሲያፏጩ ሰማኋቸው።

እኔ ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዘርተውት ቢረጩትስ?» ፉጨቱ ቆመ።

በማግስቱ ሁሉንም ጠሯቸው። ማሳው ጠርዝ ላይ ቆመው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ «በቆሎው ምንም የለበትም። ያለብኝ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ አንድም አላስቀሩም። መሐረቡን፣ ሩጫውን፣ የእናቴን መነጽር፣ ንጹሕ እያሉ የገደሉትን መስመር ሁሉ። የደረቁትን የቅጠል ጫፎች እያሳዩ «ይኸው፣ እንደማንኛውም በቆሎ ይሞታል። ለማንም የምነፍገው ዘር የለም፤ የሚረጭበት ግን አይወስድም» አሉ። አክስቴ፣ በሳቸው ያልሳቅሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ማንም አላመናቸውም።

«ለብቻው ሊይዘው ነው» አሉ ጎረቤቶቹ በመመለሻቸው ላይ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አላደረጉም። ልብስ ሰፊው ደብዳቤሽን በጆሮው ሰምቶ እንኳ «እሷው ጽፋ እሷው ያነበበችው ነው፤ ይቺን ልጅ አላውቃትም?» አለ። አዎ፣ ያን ጊዜ ስዘል አይቶኛል፤ ምን እላለሁ። ሕይወታቸውን ሙሉ ማንንም ሳያምኑ የኖሩ ሰው እውነቱን በተናገሩ ቀን የሚያምናቸው አጡ። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊው መርጫውን አዝሎ አጥሩን ሲንጠላጠል ተያዘ። «እውነት መሆኑን ላጣራ ብዬ ነው፣ ትንሽ ብቻ፣ ከዳር» አለ። ይህን አነጋገር አባባ የት እንደሚያውቁት እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ስለዚህ አሁን ከአጥሩ ሥር ወንበር አውጥተው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ይጠብቁታል። ምግባቸውን እዚያ ነው የምወስድላቸው። በቆሎው ጸጉር አውጥቷል፤ ፍሬ እየቋጠረ ነው። ከዳር ያሉት ቢቀጥኑም ከመሃል ያሉት ደህና ናቸው። ሰው ሲያልፍ አባባ ከወንበሩ ብድግ ይላሉ። መርጫ ያልያዘውንም ኪሱን ያዩታል።

ትናንት ምሳ ሳደርስላቸው ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ጻፊላት። ፍሬው ሳይደርስ ትምጣ። ለእነዚህ ሰዎች ራሷ ታስረዳልኝ። እሷን ያምኗታል።»

«እርስዎስ ያምኗታል?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከልብስ ሰፊው በር ላይ ሳያነሱ ጃንጥላውን አስተካከሉ።

«መጀመሪያ ጻፊ» አሉኝ።

ይኸው ጻፍኩ።

ምላጭሽ